ባቡር የማይወጣው ተራራ

ሐርቡ ላይ፣ የቦርከና ሸለቆ ሙቀት ከቀትር በኋላ ጋብ ማለት ሲጀምር፣ ከአንድ ሽማግሌ ጋር በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠን ስንጨዋወት፣ ምርኩዛቸውን ወደ ሰሜን አቅንተው፣ «ልጄ፣ ይህ የብረት መንገድ ከአዋሽ ተነሥቶ ያን ሁሉ ቆላ አቋርጦ ኮምቦልቻ ከደረሰ በኋላ፣ ደሴን የሚያህል ከተማ ከፊቱ ተቀምጣ ሳለች ወደ እሷ ሳይወጣ ለምን ቀረ?» ብለው ጠየቁኝ። «አባቴ፣ ባቡር ዳገት አይሆንለትም» አልኋቸው። «በቅሎ የሚወጣውን?» አሉኝ። ጥያቄው በአንድ ቃል ተመልሶ የሚያልቅ ስላልሆነ፣ ያን ዕለት ያሳጠርሁትን መልስ ዛሬ በሰፊው ልጽፈው ወደድሁ።

የባቡርን ጠባይ ለማወቅ የሚሻ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ጐንበስ ብሎ መንኰራኵሩን መመልከት አለበት። መንኰራኵሩ ብረት ነው፣ የሚሽከረከርበትም ሐዲድ ብረት ነው፤ ሁለቱ የሚነካኩባትም ሥፍራ ከአንዲት ትንሽ ሳንቲም ገጽ እምብዛም አትሰፋም። ከዚህች ጠባብ ንክኪ የተነሣ ጉዞውን የሚገታው ነገር እጅግ ጥቂት ስለሚሆን፣ በሜዳ ላይ አንድ ሎኮሞቲቭ ብዙ የጭነት መኪና ተሰልፎ የሚያጓጉዘውን እህል፣ ብረትና ማዳበሪያ በአንድ ጊዜ ጐትቶ ይሄዳል። ነገር ግን ለሜዳው በረከት የሆነው ያው ልስላሴ ለዳገቱ መከራ ይሆንበታል፤ አቀበቱ ሲበረታ፣ ይልቁንም ዝናብ ሐዲዱን ካረጠበው፣ መንኰራኵሩ የሚቆነጥጠው ነገር አጥቶ ባለበት ይሾራል። ለዚህም ነው ሎኮሞቲቭ፣ ያን ያህል ኃይል ተሸክሞ ሳለ፣ በሆዱ ደረቅ አሸዋ የሚይዘው፤ መሾር በጀመረ ጊዜ ነጂው ያን አሸዋ ከመንኰራኵሩ ፊት በሐዲዱ ላይ ያፈስለታል። ስለዚህ ለከባድ ጭነት የሚሠራ ሐዲድ በመቶ ሜትር ርቀት ውስጥ ከሁለት ሜትር ተኩል በላይ ከፍ እንዲል መሐንዲሶች እምብዛም አይፈቅዱም። በቅሎ ግን ሰኰናዋን በድንጋይ መካከል ተክላ ትወጣለች፤ የሽማግሌው ክርክር በዚህ በኩል እውነት ነበረው።

ባቡር ወደ አፍሪቃ ምድር ሲገባም መጀመሪያ የመረጠው ሜዳን ነው። አቡነ ባስልዮስ በ1943 ዓ.ም. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሊቀ ጳጳስ እስኪሆኑ ድረስ ጳጳስ ይላክልን ዘንድ አባቶቻችን ደጅ የጠኑባት፣ መንበረ ማርቆስ የቆመባት፣ በሜዲትራንያን ባሕር ዳር ያለችው ጥንታዊቱ እስክንድርያ፣ በአፍሪቃ የመጀመሪያው ዋና ሐዲድ መነሻ ናት። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሮበርት ስቲቨንሰን የመራው ይህ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1854 ከእስክንድርያ እስከ ከፍር ኤል ዘያት፣ በ1856 ደግሞ እስከ ካይሮ ተፈጸመ። ከካይሮ ተሳፍሮ ወደ እስክንድርያ የሚሄድ መንገደኛ፣ ዐባይ ከእኛ ተራሮች ጠርጎ ወስዶ ባነጠፈው ጥቁር አፈር ላይ፣ ያለ አንድ ዳገት፣ ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ በቀጥታ ከጥንታዊቱ ከተማ እምብርት ይገባል። አፈሩ ከላይ ከኛ ወርዶ በታች ለባቡር የተመቸ ሜዳ መሆኑ፣ ለእኛ ግን ገደሉ መቅረቱ፣ በዚያ መንገድ ያለፈ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ሳያስበው የሚያልፈው ነገር አይመስለኝም።

በዚያው ሐዲድ ላይ የደረሰ አንድ አደጋ ደግሞ ከእኛ ታሪክ ጋር በሩቁ የተሳሰረ ነው። በከፍር ኤል ዘያት ድልድይ ገና ስላልተሠራ ሠረገሎቹ ወንዙን የሚሻገሩት በጀልባ ተጭነው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1858 አንዱ ሠረገላ ወደ ዐባይ ወድቆ የግብፅን ዙፋን ሊወርስ የተጠበቀው ልዑል አሕመድ ሪፋት ሰጠመ። በእርሱ ፋንታ ወራሽ የሆነውና እ.ኤ.አ. በ1863 የነገሠው እስማኤል ነው፤ ጉንደትና ጉራ ላይ በ1868 ዓ.ም. ከአፄ ዮሐንስ ጋር ተዋግቶ ድል የሆነውን ሠራዊት የላከው እርሱ ነበር። እነዚሁ አፄ ዮሐንስ ደግሞ፣ እንደሚተረከው፣ በ1875 ዓ.ም. በመስከረም ጅራታም ኮከብ በሰማይ ባዩ ጊዜ የሰፈሩበትን ቦታ «ደሴ» ብለው ሰየሙት፤ «ደስታዬ» ማለት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊሳዊው አልፍሬድ ኢልግ በሰጡት ፈቃድ፣ ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ በ1890 ዓ.ም. መሠራት ሲጀምር፣ የመጀመሪያው ታላቅ መድረሻ ትሆናለች ተብላ የታሰበችው በግንብ የታጠረችው ጥንታዊቱ ሐረር ነበረች። ነገር ግን ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ከ1,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለሆነች፣ መንገዱ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ የቆመበትም ሜዳ መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተባለ፤ ኋላ ድሬዳዋ ሆነ። ሐዲዱ ኋላ አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላም፣ ከዚያ ተነሥቶ አዋሽን ተሻግሮ፣ መኢሶን፣ አፍደምን፣ ኤረርን፣ ሁርሶን አልፎ ወደ ሐረር የሚሄድ መንገደኛ ድሬዳዋ ወርዶ የደንገጎን ዳገት በሌላ ነገር መውጣት ነበረበት። ታሪኳ የተከበረ ከተማ ከላይ ቀረች፤ ከታች በሐዲዱ ዳር ሌላ ከተማ ተወለደች። ይህን ያስተዋለ ሰው በኮምቦልቻና በደሴ መካከል የሆነው አዲስ ነገር እንዳልሆነ ይረዳል።

ተራራውን አሸንፎ የወጣ ሐዲድ የለም ማለቴ ግን አይደለም። ከምጽዋ ወደ አስመራ የተሠራው፣ በ1911 እ.ኤ.አ. የተፈጸመው መንገድ፣ 118 ኪሎ ሜትር ብቻ ሆኖ ከባሕር ዳር ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። ይህን የቻለው ከሠላሳ በሚበልጡ ዋሻዎች ውስጥ እየገባ፣ እንደ እባብ እየተጠማዘዘ፣ በ95 ሳንቲ ሜትር ጠባብ ሐዲድ ላይ ትንንሽ ፉርጎዎችን ብቻ እየጐተተ ነው። ወደብን ከአገር እምብርት ጋር ለሚያገናኝ ትልቅ ጭነት እንዲህ ያለው መንገድ አይበቃም።

የኮምቦልቻው ሐዲድ የተሠራው ለዚያ ትልቅ ጭነት ነው። የካቲት 2007 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ የቱርኩ ያፒ መርከዚ ኩባንያ የሠራው ይህ መንገድ፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል እስከ ወልድያ አጠገብ እስካለችው ሐራ ገበያ 390 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የሐዲዶቹ ርቀት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ እንደ አዲሱ የአዲስ አበባ - ጅቡቲ መንገድ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ ታስቧል። አዋሽ ላይ መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ከተመረቀው ከዚያው መስመር ጋር ይጋጠማል። ከአዋሽ ተነሥቶ በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በከሚሴ በኩል የሚመጣ ሰው ኮምቦልቻ ከመድረሱ በፊት የሐርቡን የማሽላ አገር ያልፋል። ኮምቦልቻ በ1,850 ሜትር ገደማ፣ ደሴ በ2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ ለመኪና መንገድ ሃያ አምስት ኪሎ ሜትር የማትሞላው ይህች ርቀት ለከባድ ባቡር ረጅም ዋሻና ረጅም ዙሪያ የምትጠይቅ ናት። ስለዚህ ኮምቦልቻ ለደሴ ድሬዳዋዋ ሆነች፤ ደረቅ ወደቡም፣ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክም እዚያው በሜዳው ላይ መተከላቸው ከዚሁ ምክንያት ጋር ይሄዳል።

ለሽማግሌው ያልነገርኋቸው አንድ ከባድ ነገር አለ። ሐዲዱ ተዘርግቶ፣ ከአዋሽ እስከ ኮምቦልቻ ያለው 270 ኪሎ ሜትር ገደማ የሙከራ ጉዞ ታይቶበት ሳለ፣ የኤሌክትሪኩ ኃይልና ገንዘቡ በጊዜው ባለመሟላቱ፣ በላዩም በ2014 ዓ.ም. ጦርነት እስከ ኮምቦልቻ በመድረሱ፣ መንገደኛ ሳይጭን ዓመታት አልፈዋል። ያለ ሥራ የተቀመጠ ሐዲድ ዝገት ይበላዋል፤ ጠጠሩን ጐርፍ ይጠርገዋል፤ ብሎኑም ለሚፈታው ሰው ይመቻል። ስለዚህ ሥራው በእጃቸው ያለ ሹማምንት ኃይሉንና ፉርጎውን እንዲያቀርቡ፣ እናንተም የሐርቡና የቃሉ ወረዳ ሰዎች፣ ከብት የምትነዱ ልጆችም ጭምር፣ ከዚያ ሐዲድ አንዲት ብሎን እንኳ እንዳትነካ እንድትጠብቁ እለምናችኋለሁ።