አሮጌውን ግራር ማን ይቁጠረው?

ከባቱ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው አስፋልት ዳር፣ አዳሚ ቱሉን አልፎ እስከ ቡልቡላና ከዚያም ወዲያ፣ በማዳበሪያ ጆንያ የታጨቀ ከሰል ተደርድሮ ገዢ ሲጠብቅ ማየት የቆየ ነገር ነው። ከሰሉ የስምጥ ሸለቆው ግራር ነው። ከግራሩ ጋር ቤታቸውን ስለሚያጡት አእዋፍ ግን እምብዛም አይወራም።

ከእነዚህ አንዱ ቀይ ምንቃር እርኩም ነው። የትልቁ ጥቁር እርኩም ዘመድ ይሁን እንጂ ቀጠን ያለና ጅራተ ረጅም ወፍ ነው፤ ቁመቱ ከግማሽ ሜትር አያልፍም። ሆዱ ነጭ፣ ጥቁር ክንፉ በነጭ ነጠብጣብ የተዥጎረጎረ፣ ቀይ ምንቃሩ ወደ ታች የተቆለመመ ነው። ምግቡን በአብዛኛው መሬት ላይ ይፈልጋል፤ አፈር እየጫረ፣ የከብት እበት እየገለበጠ ጥንዚዛ፣ ምስጥና እጭ ይለቅማል። ከብት የጋጠው ሜዳ አይከፋውም። የሚቸግረው መራቢያ ነው።

ምንቃሩ ግንድ መፈልፈል አይችልም፤ ግንደ ቆርቁር ለቆት የሄደውን ቀዳዳ ወይም ቅርንጫፍ ተገንጥሎ የበሰበሰ ጎድጓዳ ግንድ ይፈልጋል። ሴቷ ከገባች በኋላ መግቢያውን በጭቃና በኩሷ ትደፍነዋለች። የምትተወው ምንቃር ብቻ የሚያሾልክ ስንጥቅ ነው። እንቁላሏን እዚያው ጥላ ስትታቀፍ የክንፏና የጅራቷ ላባ ይረግፋል፤ መብረር ስለማትችል ቀለቧ በወንዱ ላይ ይወድቃል። ጫጩቶቹ ጠንከር ሲሉ ደፈናውን ሰብራ ትወጣለች፤ እነሱም መልሰው ይደፍኑታል፤ እስኪበሩ ድረስ ወላጆቻቸው በስንጥቁ በኩል ይመግቧቸዋል።

እንዲህ ያለ ቀዳዳ የሚገኘው ባረጀ ዛፍ ላይ ነው። መጥረቢያም የሚያነጣጥረው በእሱው ላይ ነው፤ ወፍራም ግንድ ብዙ ከሰል ይወጣዋል፣ የደረቀው ለማገዶ ይፈለጋል። ዝናብ ሲቀርና ማሳው ሲከዳ አክሳዩ ቤተሰቡን የሚያበላው በዚያ ጆንያ ነው፤ ገዢው ደግሞ የከተማ ምድጃ ነው። ከለላና ሕግስ አልጠፋም፤ በዚሁ አካባቢ ያለው የአብያታ ሻላ ብሔራዊ ፓርክ በ1960ዎቹ ተከልሏል፤ የዱር እንስሳት አዋጅ በ1999፣ የደን አዋጅ በ2010 ወጥቷል። ሆኖም በፓርኩ ክልል ውስጥ ሳይቀር ሰፈራው፣ ግጦሹና ከሰል ማክሰሉ አልቆመም።

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ በአንድ ቀን መተከሉ ተነግሯል። ችግኝ መትከል ይበል የሚያሰኝ ሥራ ነው። ዛሬ የተተከለ ግራር ግን እርኩም የሚገባበት ቀዳዳ እንዲኖረው አሥርተ ዓመታት ይፈጅበታል፤ እስከዚያ ወፉን የሚያቆየው ዛሬ በቁሙ ያለው አሮጌ ዛፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ በቡልቡላ ዙሪያ የቀሩ ጎድጓዳ ግራሮች ግማሽ ጎናቸው ቢደርቅም በየቀበሌው ተቆጥረው ምልክት ይደረግባቸው፤ ጥበቃቸውም ለአካባቢው ወጣቶች ደመወዝ ያለው ሥራ ይሁን። የከተማው ሰውም ከከሰል የሚያላቅቀው፣ አቅሙ የሚችለው ምድጃ ይቅረብለት። በየክረምቱ ከምንሰማው የችግኝ ቁጥር ጎን ሳይቆረጡ ከርመው የተገኙ አሮጌ ዛፎች ቁጥርም በሪፖርት ይቅረብ።