ደናግሉ ያልደረሱበት ጎጃም

ስለ ሴት ልጅ ትምህርት በአስመራ፣ በከረን ወይም በአዲስ አበባ ሲወራ የካቶሊክ ደናግል ስም አብሮ ይነሳል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ግን አይነሳም። የምዕራብ ጎጃም ልጅ ፊደል የቆጠረው ወይ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ነው፣ ወይ በመንግሥት ትምህርት ቤት። ለዚህም አራት መቶ ዓመት የቆየ ምክንያት አለ።

ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 (ዓ.ም. ያልተባለባቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሰከላ ድረስ ዘልቆ ግሽ ዓባይን አየ። አፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያኑ ትምህርት ተስበው በ1622 ካቶሊክነታቸውን በይፋ አወጁ፤ አገር ለሁለት ተከፍሎ ተላለቀ። በ1632 የቀደመውን ሃይማኖት መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፣ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። ከተቃዋሚዎቹ ፊት የቆሙት ሴቶች ጭምር ነበሩ። ባላቸውን ትተው የመነኮሱት፣ በጣና ዙሪያ ማኅበር ያቋቋሙት ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ እስከ ዛሬ ይዘከራሉ።

በዚያው ሰሞን፣ በ1633፣ ቪንሰንት ደ ፖልና ሉዊዝ ደ ማርያክ ፓሪስ ላይ አዲስ ዓይነት የደናግል ማኅበር መሠረቱ። እነዚህ ደናግል ከገዳም አጥር ወጥተው ድሃ ያስታምማሉ፣ የድሃ ሴት ልጅ ያስተምራሉ። ቤተ መንግሥታችን በሩን የዘጋው በክርክርና በሥልጣን ለመጡት ነበር፤ በፊደልና በመድኃኒት የሚመጡት ገና መወለዳቸው ነበር። ይህን ሳስብ ይቆጨኛል።

ደናግሉ ከረን የደረሱት በ1878 ነው። መንገዱን የጠረጉላቸው የቪንሰንት ማኅበር ካህን ዩስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ በ1839 አድዋ ገብተው ነበር። ከተከተሏቸው መካከል ታላቁ ሊቅ ጎጃሜ ናቸው፤ ዲቦ ተወልደው መርጡለ ማርያም የመነኮሱት አባ ገብረ ሚካኤል። በ1855 በሰንሰለት ታስረው እንዳሉ አረፉ፣ ሮምም በ1926 ብፁዕ አለቻቸው። ጎጃም ለካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሰማዕት ሰጥታለች፤ ትምህርት ቤቷ ግን ለሌላው አገር ደረሰ።

የዚያ ትምህርት ቤት ፍሬ ምን ያህል እንደሆነ ለማየት አስመራን መመልከት ይበቃል። በ1872 ቬሮና ላይ የተመሠረተው የኮምቦኒ ደናግል ማኅበር በ1914 አስመራ ገባ። በ1958 ሳንታ ፋሚሊያ የተባለ ኮሌጅ ከፈቱ፤ ያ ኮሌጅ አድጎ የአስመራ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ሴት መነኮሳት በተከሉት ቤት ስንት ሐኪም ቤት፣ ስንት መሥሪያ ቤት የሚያገለግል ሰው ተማረ! 

ጎጃምን በተመለከተ ወሳኙ ነገር የነሐሴ 1936 ዓ.ም. የሚስዮን ደንብ ነው። ደንቡ አገሩን ለሁለት ከፈለ፦ ሚስዮኖች እምነታቸውን የሚያስተምሩባቸው ክፍት ቦታዎችና የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ቦታዎች። አዲስ አበባ ክፍት ተባለች። እንደ ጎጃም ባለው አገር ሆስፒታልና ከእምነት ነጻ የሆነ ትምህርት ቤት ማቋቋም ይቻል ነበር፣ ሰውን ከሃይማኖቱ ማስወጣት ግን ክልክል ነበር። የሱስንዮስን ዘመን ላስታወሰ ሰው ጥንቃቄው ተገቢ ነበር፤ እኔም አልነቅፈውም። ነገር ግን ሚስዮኖቹ ጉልበታቸውን ክፍት ወደሆነው ደቡብና ምዕራብ ማዞራቸው የማይቀር ነበር፤ ዋጋውን የከፈለችው የጎጃም ገበሬ ልጅ ናት። ወንድሟ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ ዋሸራ ቅኔ ሊቆጥር ሲሄድ እሷ እንስራ ትሸከም ነበር።

የምታስተምር መነኩሲት ለጎጃም እንግዳ ናት የሚል ካለ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስን ያስታውስ። ዓይነ ስውር ነበሩ፤ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው በወንበራቸው ተተኩ፣ ወንዶች ሊቃውንትን አስተማሩ። ሕዝቡ ያከበራቸው በእውቀታቸው ነው።

ደናግሉ ወደ አካባቢው የቀረቡት በመተከል በኩል ነው። ቀድሞ የጎጃም ክፍለ ሀገር አካል በነበረው በዚህ ምድር፣ በግልገል በለስና በማንዱራ፣ የኮምቦኒ ደናግል ከጉሙዝ እናቶችና ሕፃናት ጋር ሠርተዋል። በጥር 2007 ዓ.ም. ደግሞ የባሕር ዳር–ደሴ ሀገረ ስብከት ተቋቋመ፤ አካባቢው የራሱን የካቶሊክ ጳጳስ አገኘ።

ሀገረ ስብከቱ ከተቋቋመ ወዲያ መነጋገር የሚያስፈልገው ስለ ሴት ተማሪዎች አዳሪ ቤት ነው። ወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ለሁለተኛ ደረጃ የሚመጡ የገጠር ልጃገረዶች ጠባብ ክፍል ተከራይተው፣ ስንቅ ከቤት እያስመጡ፣ ያለ ጠባቂ ይማራሉ። ስንቁ ሲያልቅ ወይም ባል ሲመጣ ትምህርቱ ይቀራል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሳው ጦርነት ደግሞ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። የትምህርት ቢሮውና ሀገረ ስብከቱ፣ የኦርቶዶክስ አባቶችም ባሉበት፣ በ1936 ዓ.ም. ደንብ መንፈስ ሊስማሙ ይችላሉ፦ ልጆቹ በሃይማኖታቸው ይጸኑ፣ በየሰንበቱ ወደ ደብራቸው ይሂዱ፤ ደናግሉ ደግሞ ማደሪያውን፣ ምግቡንና ጥናቱን ይያዙ። ሰላም ወርዶ ክፍሎቹ ሲከፈቱ መጀመሪያ የሚጠፉት ሴቶቹ ናቸውና የአዳሪ ቤቱን ቦታ ከወዲሁ መምረጥ ይገባል።