በቴኳንዶ ውድድር ስለሚደረገው የክብደት ክፍፍል

ሁለት የቴኳንዶ ተወዳዳሪዎች ከዳኛ ፊት ከመቅረባቸው በፊት ሚዛን ላይ ይወጣሉ። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ተወዳዳሪዎች በክብደት የሚለዩበትን ምክንያትና ከዚሁ አሠራር የመጣውን ችግር መግለጽ ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

የክፍፍሉ መነሻ ግልጽ ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር የሚያሳርፈው ጉልበት በክብደቱና በፍጥነቱ ስለሚወሰን፣ ሁለት ሰዎች በእኩል ፍጥነት ቢራገጡ የከባዱ ምት ይበረታል። በቴኳንዶ ደግሞ ራስን በእግር መምታት የተፈቀደ ነው፤ እንዲያውም ደረትን መምታት 2 ነጥብ ሲያስገኝ ራስን መምታት 3 ያስገኛል። ስለዚህ ቀላሉን ከከባዱ ማጋጠም ፍርድን ማጓደል ብቻ ሳይሆን ጤናንም አደጋ ላይ መጣል ነው።

በ1973 በሴኡል የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ሲደረግ የነበሩት ምድቦች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም ቀላልና ከባድ ይባሉ ነበር። ሴቶች በ1987 በባርሴሎና መወዳደር ጀመሩ። ዛሬ በዓለም ሻምፒዮና ለወንዶች 8፣ ለሴቶችም 8 ምድቦች አሉ። የወንዶቹ ወሰን 54፣ 58፣ 63፣ 68፣ 74፣ 80 እና 87 ኪሎ ሲሆን፣ የመጨረሻው ምድብ ከ87 ኪሎ በላይ ነው።

ችግሩ የሚነሣው ከኦሊምፒክ ነው። የተወዳዳሪው ቍጥር የተወሰነ ስለ ሆነ ከሲድኒ 2000 እስከ ፓሪስ 2024 ድረስ ለእያንዳንዱ ጾታ የተፈቀዱት ምድቦች 4 ብቻ ናቸው፤ የወንዶቹም እስከ 58፣ እስከ 68፣ እስከ 80 እና ከ80 በላይ ናቸው። በ2021 በተደረገው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያን የወከለው ተወዳዳሪ የገባው በ58 ኪሎው ምድብ ነበር። እንግዲህ 63 ኪሎ የሚመዝን ሰው ምን ያድርግ? ወይ እስከ 68 ኪሎ ከሚመዝኑት ጋር ይጋጠማል፣ ወይም 5 ኪሎ ይቀንሳል። ይህም ከሰውነቱ 8 በመቶ ያህል ነው።

ብዙዎች የሚመርጡት መቀነሱን ነው፤ ጊዜ ሲያጥርም የሚቀነሰው ስብ ሳይሆን ውሃ ነው። ተወዳዳሪው ውሃ ይከለከላል፣ ወፍራም ልብስ ደራርቦ ላቡን ያወጣል። በዚህ ጊዜ የደሙ መጠን ያንሳል፣ የልቡ ምት ይፈጥናል፣ ሰውነቱም ሙቀቱን መቈጣጠር ያቅተዋል። ነገሩ ተራ ድካም ብቻ አለመሆኑን የትግል ስፖርት አሳይቷል፤ በ1997 በአሜሪካ ሦስት የኮሌጅ ታጋዮች ክብደት ለመቀነስ ሲጥሩ ሞተዋል።

ይህን ለመግታት በቴኳንዶ ከውድድሩ ቀን በፊት ከሚደረገው ምዘና ሌላ፣ በውድድሩ ዕለት ጠዋት በዕጣ የተመረጡት እንደገና እንዲመዘኑ ተደንግጓል። በዚህ ጊዜ ከምድቡ ወሰን ከ5 በመቶ በላይ ማለፍ አይፈቀድም፤ የ58 ኪሎው ተወዳዳሪ ከ60.9 ኪሎ በላይ ከሆነ ይሰረዛል። ደንቡ ሌሊቱን ብዙ ኪሎ መልሶ መጨመርን ይከለክላል እንጂ በምድቦቹ መካከል ያለውን ሰፊ ርቀት አያጠብም።

ስለዚህ የአሠልጣኙ ኃላፊነት ከባድ ነው። ምድብ መመረጥ ያለበት ውድድሩ ሲቃረብ ሳይሆን ከብዙ ወራት በፊት፣ የተወዳዳሪውን ቁመትና ዕድገት ተመልክቶ ነው። ክፍፍሉ የተሠራው ደካማውን ከብርቱው ምት ለመጠበቅ ነውና፣ ተወዳዳሪው ራሱን አድክሞ ለምት የሚቀርብ ከሆነ ዓላማው ይፈርሳል።