ጂፒኤስ ሲገዙ ካርታውን ይጠይቁ

ለመኪናው መንገድ ጠቋሚ ጂፒኤስ የሚገዛ ሰው ከስክሪኑ ስፋት በፊት የተጫነበትን ካርታ ይጠይቅ። የሳተላይቱ ምልክት በየትም አገር በነፃ ይገኛል፤ ካርታው ግን እንደየአህጉሩ ተለይቶ የሚጫን ነው። የሰሜን አሜሪካ ካርታ ብቻ ይዞ የመጣ ጋርሚን አዲስ አበባ ላይ መኪናው የቆመበትን ነጥብ ቢያሳይም የሰፈሩን መንገድ አያውቅም፤ ገዢው ለጌጥ ከፈለ ማለት ነው። ኦፕንስትሪትማፕ የተባለው ነፃ ካርታ በብዙዎቹ የጋርሚን ሞዴሎች ላይ ስለሚጫን፣ ሻጩ ፊት ተጭኖ ቢሞከር ይመረጣል። በከተማዋ አድራሻ የሚነገረው በቤት ቁጥር ሳይሆን በታዋቂ ሕንፃ በመሆኑ፣ መሣሪያው ኬክሮስና ኬንትሮስ መቀበሉም ይታይ።

አውሮፓ ለሚነዳ ነጋዴ ሌላ ጣጣ አለ። ፈረንሳይ ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካሜራ ያለበትን ቦታ የሚጠቁም መሣሪያ ይዞ መንዳትን ከልክላለች፤ ቅጣቱ እስከ 1,500 ዩሮ ይደርሳል።