የተቆረጠ ነርቭ እንዴት ይጠገናል? የሽዋን ሕዋሳት ድርሻና የጊዜ ጉዳይ

በደብረ ማርቆስና በዙሪያው ባሉ ወረዳዎች የመኸር ወራት በደረሰ ቁጥር እጃቸውን ማጭድ የቆረጣቸው ገበሬዎች ወደ ሕክምና ይመጣሉ። አጫጁ አገዳውን በግራ እጁ ጨብጦ ማጭዱን በቀኙ ወደ ራሱ ስለሚስብ፣ ጉዳቱ ብዙውን ጊዜ በግራ እጅ ጣቶች፣ መዳፍና አንጓ ላይ ያርፋል። ደሙ ቆሞ ቆዳው ሲሰፋ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ከሳምንታት በኋላ ግን ቁስሉ ድኖ ሳለ ጣቱ ደንዝዞ ይገኛል፤ ወራት ሲያልፉም የመዳፉ ጡንቻ ይሟሽሻል። የተቆረጠው ቆዳ ብቻ አልነበረምና።

ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር የሚወጡት የዳር ነርቮች ከተቆረጡ በኋላ እንደገና የማደግ ችሎታ አላቸው። ይህን ችሎታ የሚሰጣቸው በአብዛኛው የነርቩ ክር፣ ማለትም አክሶኑ ራሱ ሳይሆን፣ ክሩን ከብበው የሚኖሩ ደጋፊ ሕዋሳት ናቸው። እነዚህም ጀርመናዊው ተመራማሪ ቴዎዶር ሽዋን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ስለገለጻቸው የሽዋን ሕዋሳት ይባላሉ። በጤናማ ነርቭ ላይ ሥራቸው ማየሊን የተባለውን ስብ የበዛበት ልባስ በአክሶኑ ዙሪያ መጠቅለል ነው። ለዚህም ነው ብዙዎቻችን በተማሪነት ዘመናችን እንደ ኤሌክትሪክ ሽቦ ሽፋን ብቻ አድርገን የያዝናቸው። ነርቩ ሲቆረጥ የሚያሳዩት ጠባይ ግን ከሽፋን እጅግ የራቀ ነው።

እንግሊዛዊው አውግስጦስ ዎለር በ1850 እ.ኤ.አ. በእንቁራሪት ነርቭ ላይ እንዳሳየው፣ ከቁርጡ በታች ያለው የአክሶን ክፍል በጥቂት ቀናት ውስጥ ይበሰብሳል። የሽዋን ሕዋሳት ግን አይሞቱም። የማየሊን ሥራቸውን ትተው ወደ ጥገና ይዞራሉ፤ ፍርስራሹን ራሳቸው ይበላሉ፣ ማክሮፋጅ የተባሉትን ጠራጊ ሕዋሳትም ይጠራሉ። ከዚያም ተባዝተው በረድፍ በመሰለፍ ባዶውን ቱቦ ይሞላሉ፤ አክሶኑን የሚስቡና የሚመግቡ የዕድገት ፕሮቲኖችንም ያመነጫሉ። አዲሱ አክሶን ይህን ረድፍ ተከትሎ በቀን አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል። በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ውስጥ ማየሊን የሚሠሩት ሌሎች ሕዋሳት ይህን አያደርጉም፤ የኅብለ ሰረሰር ጉዳት የማይመለስበት አንዱ ምክንያትም ይህ ነው።

ችግሩ ይህ የጥገና ዝግጁነት ዘላቂ አለመሆኑ ላይ ነው። አክሶን ሳይደርስላቸው ወራት ካለፉ የሽዋን ሕዋሳት ቁጥራቸው ይመናመናል፣ የሚያመነጩት ፕሮቲንም ይቀንሳል። ጡንቻውም ከ12 እስከ 18 ወራት ያህል ያለ ነርቭ ከቆየ አክሶኑ ቢደርስ እንኳ በሚገባ አይሠራም። ክርኑ አጠገብ የተቆረጠ ነርቭ እስከ መዳፍ 25 ሳንቲ ሜትር ያህል መጓዝ ካለበት፣ በዕለቱ ቢሰፋ እንኳ ወደ ዘጠኝ ወር ገደማ ይፈልጋል። ስድስት ወር ዘግይቶ ለሚመጣ ሕመምተኛ ሒሳቡ ምን ያህል እንደሚጠብ አንባቢ ራሱ ያሰላዋል።

በአገራችን በዚሁ ሕዋስ ላይ ክፉኛ የሚያነጣጥር በሽታም አለ፤ ሥጋ ደዌ። የበሽታው ባክቴሪያ የሚኖረው በሽዋን ሕዋሳት ውስጥ ሲሆን፣ የሰውነት መከላከያ ባክቴሪያውን ሲያጠቃ ነርቩም አብሮ ይጎዳል። በአለርት ሆስፒታል አማካይነት ከ1988 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ከ590 በላይ አዳዲስ ሕሙማንን ለዓመታት የተከታተለው ጥናት የጊዜን ነገር በግልጽ አሳይቷል። ከአዲስ ድንገተኛ የነርቭ ጉዳት 88 በመቶዎቹ ነርቮች ሙሉ በሙሉ ሲያገግሙ፣ ከቆየ ወይም ከሚመላለስ ጉዳት ያገገሙት 51 በመቶዎቹ ብቻ ነበሩ። ስለዚህ ጣቱ መደንዘዝ የጀመረ ሕመምተኛ ፕሬድኒሶሎን መጀመር ያለበት በስድስት ወር ውስጥ ነው፤ ባክቴሪያውን የሚገድሉት መድኃኒቶች ብቻቸውን ነርቩን አያድኑም።

ታዲያ ደጋፊ ሕዋሳትን ከውጭ መጨመር አይቻልም? እንዲያውም ቀዶ ሐኪሞች ሳይሰይሙት ለአሥርተ ዓመታት ሲያደርጉት ኖረዋል። የነርቩ ሁለት ጫፎች ሳይወጠሩ የማይገናኙ ሲሆን ከሕመምተኛው ባት ጀርባ የስሜት ነርቭ ተወስዶ ክፍተቱ ይሞላል። የተተከለው ነርቭ ዋና ጥቅም በውስጡ ያሉት ሕያዋን የሽዋን ሕዋሳት ናቸው። ሕዋስ አልባ ቱቦዎች አጭር ክፍተት ላይ ቢሠሩም፣ ክፍተቱ ከሦስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲያልፍ ብዙውን ጊዜ የሚያቅታቸው በዚህ ምክንያት ነው። በማያሚ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ የሕመምተኛው የራሱ የሽዋን ሕዋሳት በቤተ ሙከራ ተባዝተው ረጅም ክፍተት ባለው የእግር ነርቭ ጥገና ላይ መጨመራቸው በ2017 እ.ኤ.አ. ተዘግቧል። ሕመምተኞቹ ሁለት ብቻ ስለነበሩ ለጊዜው ከተስፋ ያለፈ ነገር ማለት አይቻልም። ከስብ ከሚገኙ ግንደ ሕዋሳት የሽዋን መሰል ሕዋስ ለማውጣትም ይሞከራል። ይሁንና ሕዋሳቱን ለማባዛት ሳምንታት፣ እጅግ ንጹሕ ቤተ ሙከራና ብዙ ወጪ ያስፈልጋል።

እስከዚያው ሕመምተኛው የራሱን የሽዋን ሕዋሳት ይዞ ይመጣል። በጤና ጣቢያ ማደንዘዣ ከመውጋት በፊት የትንሿን ጣት ጫፍ፣ የሌባ ጣትን ጫፍና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለውን የእጅ ጀርባ በጥጥ መንካት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ማደንዘዣው ከተወጋ በኋላ ግን ይህ ምርመራ ዋጋ የለውም። ከሦስቱ አንዱ ከደነዘዘ ቁስሉ ታጥቦ፣ ሕመምተኛው በዚያው ሳምንት ነርቭ መስፋት ወደሚችል ሐኪም መላክ አለበት። ጥገናው ከተደረገ በኋላ በነርቩ መስመር ላይ በጣት መታ መታ ሲደረግ የሚሰማው ውርር የሚል ስሜት በየወሩ ወደ ታች ይወርዳል፤ ገበሬውም አክሶኑ የት እንደደረሰ በገዛ እጁ ሊለካው ይችላል።