የቆየ የቦርዶ ቀይ ወይን ጠጅ እንዴት ይመዘናል?

ወይን ጠጅ በቆየ ቁጥር ይጣፍጣል የሚለው አባባል በብዙዎች ዘንድ ተቀባይነት ያገኘ ቢሆንም፣ በዓለም ላይ ከሚመረተው ወይን ጠጅ አብዛኛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተዘጋጀ ነው። ለአሥርተ ዓመታት ተቀምጠው ከሚሻሻሉት ጥቂቶች መካከል በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ በቦርዶ አካባቢ የሚመረቱ ምርጥ ቀይ ወይን ጠጆች በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። የእነዚህ ዋጋ ከፍተኛ በመሆኑ አንዱን ጠርሙስ ያለጊዜው መክፈት ወይም ጊዜው እስኪያልፍ ማቆየት የማይመለስ ኪሳራ ነው።

እ.ኤ.አ በ1855 ለፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የወጣው ባለ አምስት እርከን ደረጃ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ይሁንና ደረጃው ስለ አምራቹ ስም እንጂ በእጅ ስላለው ጠርሙስ ጤንነት የሚናገረው ነገር የለም።

ለቆይታው ዋነኛው ምክንያት ከወይን ፍሬው ልጣጭና ዘር እንዲሁም ከኦክ በርሜል የሚገኘው ታኒን ነው። ታኒን ብዙ የፈላ ሻይ እንደሚያደርገው አፍን ያደርቃል። በሜዶክ በብዛት የሚተከለው ካበርኔ ሶቪኞን ልጣጩ ወፍራም በመሆኑ ታኒኑ ብዙ ሲሆን፣ በፖምሮልና በሴንት ኤሚሊዮን የሚያመዝነው ሜርሎ ግን ለስለስ ያለ ነው። ዓመታት ሲያልፉ የታኒንና የቀለም ቅንጣቶች እርስ በርስ እየተያያዙ ከጠርሙሱ ሥር ይዘቅጣሉ። ይህ ዝቃጭ እንደ ጠጅ አምቡላ የሚጠበቅ እንጂ የብልሽት ምልክት አይደለም።

ጠርሙሱ ከመከፈቱ አንድ ቀን አስቀድሞ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ይደረጋል፤ ሲቀዳም ዝቃጩ እንዳይከተል በብርሃን ፊት በዝግታ ይንቆረቆራል። በብርጭቆ ውስጥ ሐምራዊ የነበረው ቀለም ከዳር ጀምሮ ወደ ጡብ መልክ መለወጡ የብስለት ምልክት ሲሆን፣ እስከ መሐል ድረስ ቡናማ ከሆነ ግን ያሰጋል። የወጣትነቱ የፍራፍሬ ሽታ በቆዳ፣ በትምባሆ፣ በተቀረጸ እርሳስና በእርጥብ የደን አፈር ሽታ ይተካል። የረጠበ ካርቶን የሚሸት ከሆነ ጥፋቱ የቡሹ እንጂ የዕድሜው አይደለም። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ደግሞ ተበላሽቷል።

ከሁሉም የሚከብደው ቀሪ ዕድሜውን መገመት ነው። ቀማሹ ሊጠይቅ የሚገባው ታኒኑ ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ ብቻ ሳይሆን፣ ታኒኑ እስኪለዝብ የሚጠብቀው የፍሬ ጣዕም መኖሩን ጭምር ነው። የ1975 ምርት ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ታኒኑ ኃይለኛ ስለነበር ረጅም ዕድሜ ቢጠበቅለትም፣ በብዙዎቹ ጠርሙሶች ውስጥ ታኒኑ ሳይለሰልስ ፍሬው ደርቋል። በአንጻሩ የ1982 ምርት ገና በወጣትነቱ የሚጥም በመሆኑ አንዳንድ ተቺዎች አይቆይም ብለው ነበር። አሜሪካዊው ሮበርት ፓርከር ግን ታላቅ ምርት መሆኑን በመጻፍ ተሟገተ፤ ምርጦቹም ከሠላሳ ዓመታት በኋላ ጣዕማቸውን እንደጠበቁ ተገኝተዋል።

ከተዋጠ በኋላ ጣዕሙ አፍ ውስጥ የሚቆይና የኮምጣጣነቱ ትኩስነት ያልጠፋ ወይን ጠጅ ገና ጊዜ አለው። ጣዕሙ ወዲያው ጠፍቶ ድርቀት ብቻ የሚተው ከሆነ ተጨማሪ ቆይታ አያድነውም።

አቀማመጡም ወሳኝ ነው። ጠርሙሱ ቡሹ እንዳይደርቅ ተጋድሞ፣ ከብርሃን ርቆ፣ ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ ሙቀት መቀመጥ ይኖርበታል። አሥራ ሁለት ጠርሙስ የያዘ ሣጥን የገዙ ሰዎች በየጥቂት ዓመቱ አንድ ከፍተው በመቅመስ፣ የቀሩትን መቼ መክፈት እንደሚሻል ይወስናሉ።