ከቀለሙ በታች ያለው ምርጊት

በቤጂንግ የሚገኘው የቻይና ነገሥታት ቤተ መንግሥት ሥራው የተፈጸመው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1420 ዓ.ም. ነው። ተመልካችን አስቀድሞ የሚያስደንቀው ቀዩ ዐምድና ከጣራው ክፈፍ ሥር በሰማያዊ፥ በአረንጓዴና በወርቅ የተሣለው ሐረግ ነው። ይሁን እንጂ ቀለሙ ለጌጥ ብቻ የተቀባ አይደለም፤ የእንጨት ሕንፃ ከእርጥበትና ከተባይ የሚጠብቀው ልብስ ያሻዋልና።

ስለዚህ ሠራተኞቹ ቀለም ከመቀባታቸው በፊት የተወቀጠ ጡብ፥ የዐሣማ ደም፥ የስንዴ ዱቄትና ከቱንግ ዛፍ ፍሬ የተጨመቀ ዘይት ለውሰው እንጨቱን ይመርጉታል። የታወቀው ደንብ አንድ ጊዜ ቃጫ ማልበስ፥ አምስት ጊዜ መምረግ ነው።

ሥዕሉም ማዕርግ አለው፤ ይኸውም ዘንዶና ወርቅ የበዛበት ለታላላቆቹ አዳራሾች፥ የአበባ ክብ ያለበት ለተከታዮቹ ሕንፃዎች፥ ወፍና ተራራ የሚሣልበት ለአትክልት ስፍራ ቤቶች ነው።

ንግድም ከዚህ ሥራ አልራቀም። ሰማያዊውና አረንጓዴው ቀድሞ ከማዕድን ድንጋይ እየተፈጨ ይዘጋጅ ነበር፤ በ19ኛው መቶ ዓመት ግን የአውሮፓ ፋብሪካ ቀለም በመርከብ ገብቶ በብዙ ቦታ ተተካ። የቱንግ ዘይትም በ1930ዎቹ ከቻይና ዋና ዋና የወጪ ንግድ ዕቃዎች አንዱ ሆኖ ነበር።

ክቡራን ነጋዴዎች፥ የገዢን ዓይን የሚስበው ላይኛው ቀለም ነው፤ ለዕቃው ዕድሜ የሚሰጠው ግን የማይታየው ምርጊት ነው። በምርጊቱ ወጪ የሚሠስት ሰው ቀለሙንም አብሮ ያጣዋል።